ከእማማ ደረት የማያልፍ ውሃ

ዳኛው ወደ ቤት
ጥቅምት 4 ቀን

በቅድሚያ ለቤታችን ታላቅ፣ ለወለደችኝ ለእማማ፣ ካለሁበት ከመቀመጫዬ ተነሥቼ እጅ እነሣለሁ፤ ዕድሜሽን ያርዝመው፣ ጉልበትሽን ይመልሰው። ቀጥሎ ለአጎቴ ልጅ፣ ለቀድሞዋ ርዕሰ መምህርት፣ የወንድምነት ሰላምታዬን አቀርባለሁ። በመጨረሻም ይህ ደብዳቤ ሲነበብ በረንዳው ላይ ለተቀመጣችሁ ጎረቤቶች ሁሉ እንደየማዕረጋችሁ አክብሮቴ ይድረሳችሁ።

ውድ እህቴ፤ ስለ እማማ የጻፍሽውን አንብቤ አዘንኩ። ሐኪሙ «በመሬት ላይ የማይሸከሟት እግሮች በውሃ ውስጥ ይሸከሟታል፤ በየቀኑ ውሃ ውስጥ ትራመድ፤ ካልሆነ አልጋ ላይ ትቀራለች» ማለቱን ለባልደረቦቼ ሳጫውታቸው ሁሉም አባባሉን አደነቁ። የሕዝብ መዋኛው ሩቅ ነው፣ ውሃውም ቀዝቃዛ ነው ብለሻል። እንግዲያው በጓሮ መዋኛ ገንዳ ይሠራ ያልሽውን ተቀብዬዋለሁ። ተወስኗል ብለሽ ያዢው።

ሆኖም ሥራ ከተጀመረ በወጉ ይሠራ። ገንዳው ከጓሮው ግንብ እስከ ሎሚው ዛፍ ይድረስ። ጥልቀቱ በአንደኛው ጫፍ ከረዥም ሰው ቁመት በላይ ይሁን፤ ጥልቀት የሌለው ገንዳ ከልብስ መዘፍዘፊያ አይለይም። ሴራሚኩ ጥቁር ሰማያዊ ሆኖ እንደ መስተዋት የሚያብለጨልጭ ይሁን። በጥልቁ በኩል የመዝለያ መድረክ ይተከል። መውጫና መውረጃው ግድግዳው ላይ የሚንጠለጠል ቀጥ ያለ የብረት መሰላል ቢሆን ይበቃል፤ ደረጃ ቦታ ይበላል፣ መልክም ያበላሻል።

ኮንትራክተሩን እኔ ራሴ መርጫለሁ። አንቺ ሥራውን ተከታትለሽ ወሬውን አድርሺኝ። ሥራችሁ የተቃና ይሁን።

ርዕሰ መምህርቷ ወደ ዳኛው
ጥቅምት 23 ቀን

ለተከበርከው ወንድሜ፣ ለአክስቴ የበኩር ልጅ፤ ጤናህን፣ ማዕረግህን፣ እንቅልፍህንም እግዚአብሔር ይጠብቅልህ።

ደብዳቤህ በደረሰ ዕለት እንደ ቤታችን ደንብ በረንዳው ላይ፣ ከሰላምታው እስከ ፊርማው፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ አነበብኩት። ደንቡን ያወጣኸው አንተ ነህ፤ ገና የሕግ ተማሪ ሳለህ «በዚህ ቤት ተቆርጦ የሚነበብ ደብዳቤ ሐሜት ይወልዳል» ብለህ ሁላችንንም አስምለኸናል። ይህም መልስ ከመታሸጉ በፊት እንዲሁ ይነበባል።

እማማ እስከ «ጉልበትሽን ይመልሰው» ድረስ አሜን ስትል ነበር። መሰላሉ ላይ ስንደርስ አሜኗን አቆመች። «ቆይ፣ ይሄ ልጅ በመሰላል ውረጂ ነው የሚለኝ? እኔ እኮ ከአልጋዬ የምወርደው ሁለት ሰው ደግፎኝ ነው» አለች። ጡረተኛው የአውቶቡስ ሹፌር ጎረቤታችን ቀበል አድርጎ «ኧረ እማማ፣ መውረዱ መቼ ከበደዎት፣ መዝለያ ተሠርቶልዎት የለም እንዴ!» ቢል በረንዳው በሣቅ ፈረሰ። እማማ ራሷ ዕንባዋ እስኪፈስ ሣቀች። እኔ ግን አልሣቅሁም።

ወንድሜ፤ ሐኪሙ ያለው ግልጽ ነው። ውሃው ከደረቷ አይለፍ፤ ከዚያ ካለፈ እግሯ መሬት ይለቃል። መውረጃው ዝቅ ዝቅ ያለ እርከን ያለው ሰፊ ደረጃ ይሁን፣ ግራና ቀኙ የእጅ መደገፊያ ብረት ይኑረው። ሴራሚኩ የሚያብለጨልጭ ከሆነ ያንሸራትታታል፤ ጥቁር ከሆነ ደግሞ ዓይኗ የእርከኑን ጠርዝ አይለይም። ስለዚህ ፈዘዝ ያለ፣ ሻካራ፣ ጠርዙ ላይ ብቻ ጠቆር ያለ መስመር የተሰመረበት ይሁን። ይህንን ለኮንትራክተሩ ነግሬው «ዳኛው ያላዘዙትን አልሠራም» ብሎኛል። እባክህ አንተው እዘዘው።

እማማ «መቼ ነው የሚመጣው?» ትላለች። ይህን ጥያቄ ባለፈውም ጽፌልህ ነበር።

ዳኛው ወደ ቤት
ኅዳር 12 ቀን

በቅድሚያ ሥራውን በኃላፊነት ለሚመራው ለኮንትራክተሩ፣ ቀጥሎ ለእማማና ለቤተሰቡ፣ እንዲሁም በረንዳውን የፍርድ ቤት አዳራሽ አድርገው ለሚሰበሰቡት ጎረቤቶች ሰላምታዬ ይድረስ።

እህቴ፤ አስተያየትሽ ደርሶኛል፣ ተመልክቼዋለሁም። ጥልቀቱ እንዳለ ይቀጥላል። እማማ በሌላኛው ጫፍ፣ ውሃው ባነሰበት፣ መሰላሉን ይዛ መንቀሳቀስ ትችላለች። ገንዳ አንዴ ነው የሚሠራው፤ ለአንድ ሰው ጉልበት ተብሎ የቤቱ መልክ ለዘለዓለም አይበላሽም።

ተጨማሪ ትእዛዝ አለኝ። በጓሮው ግንብ ላይ፣ በኋለኛው መንገድ በኩል፣ ሁለት ምሰሶ ያለው ሁለተኛ በር ይከፈት። ከገንዳው ጎን፣ በእማማ መስኮት ሥር፣ ልብስ መቀየሪያና የገላ መታጠቢያ ክፍል ይገንባ። ሥራችሁ ይቅና።

(ሁለተኛ ገጽ፤ ለአንቺ ብቻ። በረንዳ ላይ አይነበብ።)

ግልጽ ልንገርሽ። ትምህርት ቤት ስታስተዳድሪ የለመድሽውን በእኔ ላይ አትሞክሪው። እኔ የሦስት አገር ጠበቆች ቀርበው የሚሰግዱልኝ ሰው ነኝ፤ ስለ እርከን ጠርዝ ከአንቺ ጋር አልከራከርም። እማማም ብትሆን ስለ ዲዛይን ምን ታውቃለች? እሷን እያስቀደምሽ የራስሽን ፍላጎት አታስፈጽሚ።

ርዕሰ መምህርቷ ወደ ዳኛው
ኅዳር 30 ቀን

ለክቡርነትዎ፤ ሰላምታዬ ይድረስዎ።

ሁለቱንም ገጽ አንብቤዋለሁ፤ በረንዳ ላይ፣ ከሰላምታው እስከ ፊርማው። ደንብ ያወጣ ሰው በደንቡ ሲያዝ ቅር እንደማይለው እተማመናለሁ።

የመጀመሪያውን መስመር ሳነብ እማማ «ድገሚልኝ» አለችኝ። ደገምኩላት። «ኮንትራክተሩ ከእኔ በፊት ነው የገባው?» አለች። አዎ አልኳት። «እሱም እኮ እናት አለው፤ ስሟን ጠይቁልኝ፣ ልጄ ለእሷም ሰላምታ ቢልክ አይከፋኝም» አለች።  ሁለተኛውን ገጽ ስጨርስ «ስለ ዲዛይን ምን ታውቃለች፣ ነው ያለው?» አለች። «የተኛበትን አንቀልባ ዲዛይን ያወጣሁት እኔ ነኝ» ብላ ወደ ክፍሌ ውሰዱኝ አለችን።

እኔ ደግሞ ሦስት ጥያቄ አለኝ። እማማ ከአልጋዋ ተነሥታ ወደ ገንዳው የምትሄደው በጓሮው በር ነው፤ በኋለኛው መንገድ የሚገባው ማን ነው? እማማ የምትለብሰው አንድ ቀሚስ ነው፣ እሱንም እኔ አለብሳታለሁ፤ በልብስ መቀየሪያ ክፍል ኮት የሚያወልቀው ማን ነው? መስኮቷ በግንብ ከተደፈነ ብርሃን በየት በኩል ሊገባላት ነው?

ቁፋሮው አልቋል። የበሩም ምሰሶዎች ቆመዋል፤ ሰውዬዎ፣ ኮንትራክተሩ፣ ለበሩ ሲሆን ፈጣን ነው። ጉድጓዱ ጠርዝ ላይ ቆሜ ወደ ታች ሳይ ራሴን አዞረኝ። እማማ ባለፈው ሳምንት ከአልጋዋ ወደ ወንበር ለመሻገር ሞክራ ወድቃለች። አጥንቷ ደህና ነው። ይህን ስላልጠየቁኝ ነው በመጨረሻ የምጽፈው።

ዳኛው ወደ ቤት
ጥር 16 ቀን

ለእማማ ሰላምታዬ ይድረስ። ለቀራችሁትም እንዲሁ።

መልስ ያዘገየሁት ሥራ በዝቶብኝ አይደለም። በተናደድኩበት ቀን ፍርድ አልሰጥም፣ ደብዳቤም አልጽፍም፤ ንዴቴ ግን እስካሁን አልበረደም። ከልጅነታችን ጀምሮ አንተ ስትይኝ ኖረሽ ዛሬ «ክቡርነትዎ» ማለት ከጀመርሽ፣ አክብሮትሽ ስድብ መሆኑን የማይገባኝ መስሎሽ ከሆነ ተሳስተሻል።

ለማን ነው ብለሽ ጠይቀሻል። ለባልደረቦቼ ነው። በመጪው ዓመት ጡረታ እወጣለሁ። ዛሬ በዚህ ሕንፃ ኮሪደር ሳልፍ ሰው ከመቀመጫው ይነሣል፣ በር ይከፈትልኛል። በመጪው ዓመት ያው በር ለሌላ ሰው ይከፈታል። ከእኔ በፊት የወጡትን አይቻለሁ፤ ስልካቸው እንኳ አይጮህም። እኔ እንደዚያ መሆን አልፈልግም። ቤቴ ሰው የሚመጣበት፣ ተሰብስቦ የሚዋኝበት፣ ቁም ነገር የሚወራበት ቤት እንዲሆን ነው የማስበው። እነዚህ ሰዎች ደግሞ ሲገቡ እማማ በረንዳ ላይ እግሯን ሳፋ ውስጥ ነክራ በተቀመጠችበት በኩል ማለፍ የለባቸውም። ሁለተኛው በር ለዚህ ነው።

የእማማ ክፍልም የእንግዶች ማረፊያ ሳሎን ይሆናል። ለእሷ ፎቅ ላይ ያለው ሰፊ ክፍል ይዘጋጅላት፤ አየሩ የተሻለ ነው፣ ገንዳውንም ከላይ ሆና ታየዋለች። በዚህ ላይ ሰበር ሰሚ የለም። ደንብ ደንብ የምትይው አንቺም በማን ቤት እንደምትኖሪ አትርሺ።

ርዕሰ መምህርቷ ወደ ዳኛው
የካቲት 5 ቀን

ለክቡርነትዎ፤

በማን ቤት እንደምኖር አልረሳሁም። የቤቱ ባለቤት ደብዳቤዎ ሲነበብ አጠገቤ ተቀምጣ ነበር።

«ቤቴ» ያሉት ቦታ ላይ እማማ እጇን አነሣች፤ አቆምኩ። «ይቀጥል» አለች፤ ቀጠልኩ። «ፎቅ» የሚለው ላይ ስንደርስ ግን እኔም ሹፌሩም አንገታችንን ደፋን፤ እማማ ብቻ ቀና አለች። «ፎቅ የምወጣበት ጉልበት ቢኖረኝ ገንዳ ምን ይሠራልኛል?» አለች።  ይህን ሁሉ ዘመን የሰውን ክርክር ሲመዝኑ የኖሩት እርስዎ ይህችን እንዴት ሳያዩአት እንዳለፉ እኔ አላውቅም።

ከዚያ በኋላ የሆነውን በየቃሉ ልጻፍልዎ፤ ቃለ ጉባኤ ይወዳሉና።

እማማ «ጉድጓዱ ጋ ውሰዱኝ» አለች። በወንበሯ ተሸክመን ወሰድናት። ኮንትራክተሩ ሠራተኞቹን ፌሮ እያሳሰረ ነበር። ኮፍያውን አወለቀ።

«ጥልቀቱ ምን ያህል ነው?» አለችው።

«እማማ፣ ዳኛው ባዘዙት ልክ ነው።»

«ልኩን ነው የጠየቅሁህ፤ ማን አዘዘ አላልኩም።»

«እኔ ብቆምበት እጄን ዘርግቼ ጠርዙን አልነካውም።»

«እኔስ ብቆምበት?»

ሳቅ አለና «እማማ፣ እርስዎማ ከነወንበርዎ ይሰጥማሉ» አለ። ከዚያ ያለው ነገር ራሱን አስደነገጠው። ሣቁ ፊቱ ላይ ደረቀ።

«እንግዲህ ለማን ነው የምትሠራው?»

«እማማ፣ እኔ የታዘዝኩትን ነው የምሠራው። ያዘዙኝ ዳኛው ናቸው።»

«ያዘዘውንስ ማን ወለደው?»

መጥረጊያ አምጡልኝ አለች። አመጣንላት። እኔና ሹፌሩ በብብቷ ደግፈን አቆምናት። በዚህ ዓመት ቀጥ ብላ ስትቆም ሳያት የመጀመሪያዬ ነው፤ ተንቀጠቀጠች እንጂ አልተቀመጠችም። የመጥረጊያውን እንጨት ከእግሯ አጠገብ አስቆመችና ደረቷ ላይ የደረሰበት ቦታ ቀይ ክር አሠረችበት። ለኮንትራክተሩ አቀበለችው።

«ውሃው ከዚህ አይለፍ። በአንደኛውም ጫፍ፣ በሌላኛውም ጫፍ።»

«የተቆፈረውስ?»

«ይሞላ።»

«በምን ልሙላው እማማ? የሚሞላ ነገር ከየት ይመጣል?»

ቀና ብላ ዙሪያውን አየች። ከዚያ በእጇ ወደ አዲሱ በር ምሰሶዎች አመለከተች። «በዚያ» አለች።

ምሰሶዎቹ በማግሥቱ ፈርሰው ጉድጓዱ ውስጥ ገብተዋል። የግንቡም ክፍተት ተደፍኗል፤ የመስኮቱ ሥር ክፍል ቀርቷል፣ ደረጃውና ፈዛዛው ሴራሚክም አስቀድሜ እንደጻፍኩልዎ ይሠራሉ። ጥሩ መሠረት ሆነዋል ይላል ሰውዬዎ፤ አሁን የእርስዎ አይደለም እንጂ።

ዳኛው ወደ ቤት
የካቲት 25 ቀን

ሥራው በአስቸኳይ ይቁም።

በአንዲት በዕድሜ የደከመች እናት ስም የሚፈጸም ድፍረት ነው ብዬ ይዤዋለሁ። የምትጽፊልኝን አላምንም። ቃሉ የእሷ ይሁን የአንቺ የምለይበት መንገድ የለኝም። እናቴ ፈቃዷ ይህ ከሆነ በራሷ ቃል ትንገረኝ፤ ጠበቃ አላቆመችም፤ ጠበቃም አያስፈልጋትም።

እማማ ወደ ልጇ፤ ርዕሰ መምህርቷ እንደሰማች የጻፈችው
ሚያዝያ 20 ቀን

ልጄ፤ እንደምን አለህ? ሆድህን ያምህ የነበረው ተሻለህ ወይ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ይህችው ልጅ ትጽፋለች፤ ከእኔ ቃል አንዲት ብትጨምር ብዕሯን እነጥቃታለሁ ብያታለሁ፣ ሹፌሩም ከጀርባዋ ሆኖ ያነብባል።

ያለፈውን ደብዳቤህን ስታነብልኝ «ከሰላምታው ጀምሪ» አልኳት። «ሰላምታ የለውም» አለችኝ። «እንግዲያው ገና አልደረሰም ማለት ነው፣ መንገድ ላይ ነው» ብዬ አስቀመጥኩት። ሰላምታው እስኪደርስ ጠበቅሁ። ሳይመጣ ሲቀር ነው ዛሬ የምጽፍልህ። ሥራ አቁሙ ማለትህንም ያልሰማሁት ለዚህ ነው።

ገንዳው አልቋል። መጀመሪያ ቀን ፈራሁ። ውሃው ቁርጭምጭሚቴን ሲነካኝ ልመለስ ነበር። ብረቱን በሁለት እጄ ይዤ፣ የእርከኑን ጥቁር መስመር እያየሁ ወረድኩ። ወገቤ ጋ ሲደርስ ያ የሚያቃጥለኝ ነገር ከጉልበቴ ላይ ተነሣ። እንዴት ብዬ ልንገርህ? ሰው ከባድ ዕቃ ተሸክሞ ቆይቶ ሲያወርዱለት እንደሚሰማው ነው። ከግድግዳ ግድግዳ ሄድኩ። ማንም አልያዘኝም። ይህችው ልጅ ጠርዙ ላይ ሆና «ቀስ፣ ቀስ» ትላለች፤ «አንቺ ነሽ ቀስ የምትዪው፣ እኔ ቸኩያለሁ» አልኳት። አሁን በየቀኑ እሄዳለሁ። ትናንት ከአልጋዬ እስከ በሩ በምርኩዝ ብቻ ሄድኩ።

ስለ ክፍሌ፤ ከዚያ የምወጣው በአራት ሰው ትከሻ ነው፤ ያን ዕለት ሳሎን ታደርገዋለህ።

ስለ ወዳጆችህ፤ ይምጡ። ማን ከለከለ? በትልቁ በር ይግቡ፣ በበረንዳው በኩል ይለፉ፣ ሰላም ይበሉኝ። እግሬን ሳፋ ውስጥ ነክሬ ያገኙኝ ይሆናል። ሰው ሆነው ካደጉ ሰላም ማለት ያውቃሉ። ካላወቁ ደግሞ አንተን ጡረታ ስትወጣ የማይጠይቁህ እነሱ ናቸው፤ ከአሁኑ ብትለያቸው ይሻልሃል።

ይህችን ልጅ በማን ቤት ነው የምትኖሪው ብለሃታል። በእኔ ቤት ነው። ማታ ማታ እግሬን የምታሸው እሷ ናት፤ አንተ ያዘዝከው መሰላል አይደለም። ሁለተኛ እንዳትደግመው።

መዝለያ የለም ልጄ። ስትመጣ እንደ እኔ በደረጃ ትወርዳለህ።

ዳኛው ወደ ቤት
ሰኔ 3 ቀን

በቅድሚያ ለቤቱ ባለቤት፣ ለእማማ፣ ቆሜ እጅ እነሣለሁ። ቀጥሎ ለአጎቴ ልጅ፣ ለርዕሰ መምህርቷ። በሦስተኛ ደረጃ ቃሉን ከጀርባ ሆኖ ላረጋገጠው ለሹፌሩና ለበረንዳው ጉባኤ። በአራተኛ ደረጃ ለኮንትራክተሩ፣ ለእናቱም ጭምር። ሰላምታው ዘግይቶ ደርሷል፤ በየካቲቱ ደብዳቤ መጀመሪያ ላይ አስገቡልኝ።

እህቴ፤ ይህ ደብዳቤ ዕርቅ ነው ብለሽ እንዳታነቢው። ምሰሶዎቼን ያለ ፈቃዴ አፍርሰሻል፤ የጻፍሽልኝም ቃና ለታላቅ ወንድም የሚጻፍ አልነበረም። ሴራሚኩ ፈዛዛ መሆኑንም አሁን ድረስ አልወደድኩትም። ሁለቱም ተቃውሞዎቼ በመዝገብ ይያዙልኝ። አንድ አንቀጽ ብቻ አነሣለሁ፤ በማን ቤት እንደምትኖሪ አትርሺ ያልኩት ይሰረዝ።

ሌላው የምጽፈው ለእማማ ነው።

እማማ፤ ደብዳቤሽ በደረሰኝ ዕለት የቢሮዬን ጽዳት ሠራተኛ መጥረጊያ ተውሼ ቆምኩ። ደረትሽ እኔ ላይ የት እንደሚደርስ አስታውሼ ለካሁት። ወገቤ ጋ ነው። ወገብ ድረስ በሚደርስ ውሃ ላይ ማንም አይዘልም፤ ልክ ነሽ። ባልደረቦቼን ሳማክራቸው አንዱ «እኔ እንኳ ዋና አልችልም» አለኝ። ሌላው ሣቀ። መዝለያው ለማን እንደነበረ እኔም ራሴን ጠየቅሁ።

መቼ ትመጣለህ ብለሽ ስትጠይቂኝ የቆየሽውን ሳልመልስ ቀርቻለሁ። በመስከረም እመጣለሁ፣ ብቻዬን፣ በትልቁ በር። አንድ ነገር ግን አስቀድሜ ላሳውቃችሁ። የፍርድ ቤቱን ደረጃ ስወርድ የግራውን ብረት መያዝ ከጀመርኩ ሰንብቻለሁ፤ ሰው እንዳያይብኝ ስልክ የማነጋግር እየመሰልኩ ነው የምወርደው። ስለዚህ እማማ የምትይዢው የትኛውን በኩል እንደሆነ ይጻፍልኝ። የቀኙን ከሆነ የግራው ለእኔ ይቆይልኝ።

ለሥራው መፈጸም የደከማችሁትን ሁሉ፣ የታዘዛችሁኝንም ያልታዘዛችሁኝንም፣ በማዕረጋችሁ ቅደም ተከተል አመሰግናለሁ። ለእማማ እግሮች መልካም የሥራ ዘመን እመኛለሁ።